ከእጅ ወደ እጅ፤ የተዘዋዋሪ መጽሐፍ ታሪክ

በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. አንዲት ቮልስዋገን መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ሰው ቆማ ተገኘች። መኪናዋ የደራሲው የበዓሉ ግርማ ነበረች። እርሱ ግን ከቤቱ እንደወጣ ቀርቷል፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስለዚህ ምሽት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። ሆኖም ከደራሲው መጥፋት ጎን ለጎን ሊነገር የሚገባው ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም ደራሲው ሲጠፋ መጽሐፉ ስለምን አብሮት ሳይጠፋ እንደ ቀረ የሚያወሳው ታሪክ ነው።

«ኦሮማይ» በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት አማካይነት ለንባብ የበቃው በ1975 ዓ.ም. ነው። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ ጸጋዬ ኃይለማርያም የተባለ ጋዜጠኛ በአሥመራ ያየውንና የደረሰበትን የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። በዓሉ በዚያን ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ስለ ነበር፣ የጻፈውን በሩቁ ሰምቶ የጻፈው አልነበረም። መጽሐፉ ገበያ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ ከመደብሮች ተሰበሰበ፤ ደራሲውም ከሥራው ተሰናበተ። «ኦሮማይ» የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ መጥቶ በአሥመራ ሰው አንደበት የተለመደ ሲሆን፣ ትርጉሙም «በቃ፣ አለቀ» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉ ሲሰበሰብ ነገሩ በእርግጥ ያለቀ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ከመደብር የተሰበሰበ መጽሐፍ ሁሉ ከሰው እጅ አይሰበሰብም። አስቀድሞ የገዛው ሰው ለሚያምነው ወዳጁ ሰጠ፤ ወዳጁም በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ወሰደው፤ ሌሊቱን አንብቦ ለሌላው አስተላለፈ። «አንብበኸዋል?» የሚለው ጥያቄ እንደ ወትሮው ተራ የወዳጅነት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመተማመኛ ቃል ሆነ። ጠያቂው ተጠያቂውን አምኖታል ማለት ነው፤ ተጠያቂውም መጽሐፉን ሲቀበል የሰጪውን ደኅንነት አብሮ ተቀብሏል። እንዲህ ያለው ሰንሰለት ሊቀ መንበርም ሆነ መዝገብ አልነበረውም። አባላቱ እንኳ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው የሰጠውንና የሰጠውን ተቀባይ ብቻ ነው። ሆኖም ማኅበር ነበር።

በዚያው ዘመን ሕጋዊ የሆኑ ክበባት ጠፍተው አልነበረም። በሚያዝያ ወር 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ከታወጀ በኋላ በየቀበሌው፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየፋብሪካው የውይይት ክበባት ተቋቁመዋል። እንደ አቃቂ ባሉ የወዛደር መንደሮች የሠራተኛው ስብሰባ የሳምንቱ አንድ ክፍል ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች እየተካሄደ፣ ፊደል ያልቆጠረውን ሕዝብ አንባቢ ለማድረግ የተደረገ ታላቅ ጥረት ነበር። ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ነገር ግን ፊደል ማስቆጠር አንድ ነገር ነው፤ ምን ይነበብ ብሎ መምረጥ ደግሞ ሌላ ነው። በውይይት ክበቡ የሚነበበው ጽሑፍ ከላይ ተመርጦ የሚወርድ ነበር፤ መደምደሚያውም ከውይይቱ በፊት ይታወቅ ነበር። አንባቢው የራሱን ምርጫ ለወዳጁ የሚያካፍልበት ቦታ ግን ከአዳራሹ ውጪ ነበረ።

መጽሐፍን በጋራ መካፈል ለአገራችን እንግዳ ልማድ አይደለም። ብራና በውድ በሚገኝበት ዘመን በጉባኤ ቤት አንድ መጽሐፍ ለብዙ ደቀ መዝሙር ይበቃ ነበር። አንዱ ያነብባል፣ መምህሩ ይተረጕማል፣ ሌላው በጆሮው ይጽፋል። በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ከጎረቤቱ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ የአንድ መጽሐፍ ታዳሚ ሆኗል። እጥረት ባለበት ቦታ ሁሉ ንባብ የጋራ ይሆናል።

እጥረቱ እጅግ የከፋበት ስፍራ እስር ቤት ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ ምርመራ ታስሮ ሳለ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ከአንድ አዲስ እስረኛ ጋር ገባ። መጽሐፉ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1936 ያሳተመችውና ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ የሆነው ዝነኛ ሥራ ነበር። የሚነበብ ሌላ ነገር ስላልነበረ እስረኞቹ በተራ ተቀባበሉት። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ የማያውቀው ብዙ ነበር። ከዚህ በኋላ ነቢይ ያደረገው ነገር ለማመን ያስቸግራል። ወረቀት ስላልነበረው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚገኘውን ስስ ወረቀት እየሰበሰበ፣ በጥቃቅን ፊደል ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። ወረቀቶቹ ወደ 3 ሺህ ገደማ ደረሱ።

ይህ ሥራ የአንድ ሰው ሥራ ተብሎ ብቻ ሊታይ አይገባውም። አጫሹ ወረቀቱን ባያስቀር፣ ሌላው እስክርቢቶውን ባይደብቅ፣ ተፈቺውም የተጻፈበትን ወረቀት በሲጋራ ፓኮ ሸሽጎ ባይወጣ ኖሮ ትርጕሙ ከክፍሉ ጣሪያ በታች ይቀር ነበር። ነገ መፈታት የተፈረደለት ሰው፣ በር ላይ ቢያዝ ነጻነቱን የሚያሳጣውን ወረቀት በኪሱ ይዞ ወጣ። ለምን ቢባል፣ ታሪኩን አብሮ ሰምቷልና ለሚቀጥለው ሰሚ ባለዕዳ ነው። ነቢይም ከተፈታ በኋላ በየሰዉ ቤት የተበተነውን ወረቀት ሲያሰባስብ ብዙ ጊዜ ፈጀ። መጽሐፉ በመጨረሻ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሞ ለአማርኛ አንባቢ ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታዘብ ይገባል። ያ ልብ ወለድ የባሪያ አሳዳሪዎችን ዘመን በናፍቆት የሚያይ፣ ስለዚህም በገዛ አገሩ ብዙ የተነቀፈ መጽሐፍ ነው። ስለ ጭቁኖች ሲሉ የታሰሩ ወጣቶች በነጻነት ቢመርጡ ኖሮ ምናልባት አይመርጡትም ነበር። ግን በውስጡ ጦርነትን፣ ሽንፈትን፣ ረኀብንና ከፍርስራሽ ላይ እንደገና መነሣትን አገኙ። የጋራ ንባብ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው። አንባቢው ብቻውን ሆኖ የሚንቀውን መጽሐፍ፣ ከሌሎች ጋር ሲሆን በሌላው ዓይን ያየዋል።

የአዲስ አበባው ከርቸሌ ግቢ ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጥቶ ሲፈርስ እስረኞቹ ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ። የድሮው እስር ቤት በነበረበት ቦታ በጥር 2004 ዓ.ም. የኅብረቱ ዋና ጽሕፈት ቤት ተመረቀ። ማዕከላዊም በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ። ቃሊቲ በበኩሉ በተከታዮቹ ዓመታት የጋዜጠኞችና የጸሐፊዎች መታሰሪያ ሆኖ ስሙ ተነሥቷል። በ2004 ዓ.ም. የተሰባሰቡ ወጣት ጸሐፊዎች ራሳቸውን «ዞን ዘጠኝ» ብለው የሰየሙት፣ የቃሊቲ እስር ቤት በስምንት ዞን የተከፈለ መሆኑን በማሰብ፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጪ ያለው አገር ነው በማለት ነበር። በሚያዝያ ወር 2006 ዓ.ም. ከእነርሱ መካከል ስድስቱ ታሰሩ። የበዓሉ መኪና ቆማ የተገኘችበት መንገድ ከዘመናት በኋላም የብዕር ሰዎችን ይዞ ወደዚያው ወሰደ።

መጽሐፎቹ ግን በሌላ አቅጣጫ ተጓዙ። «ኦሮማይ» ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ እንደገና እየታተመ በግልጽ ተሸጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታተመ። «አለቀ» የተባለው መጽሐፍ አላለቀም፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ያለውም እውነቱን ሆነ። ለዚህ ያበቃቸው ስማቸው በየትኛውም ሽፋን ላይ ያልተጻፈ አንባብያን ናቸው።

ዛሬ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልሎ መሸሸግ ላያስፈልግ ይችላል። የዛሬው እጥረት የዋጋና የጊዜ ነው። በአቃቂም ሆነ በቃሊቲ፣ ከፋብሪካ ውለው በማታ የሚመለሱ ሦስት ጓደኞች አንድ መጽሐፍ በመዋጮ ቢገዙ፣ ሳምንት ሳምንት ቢቀባበሉትና በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጠው «አንተ ምን አገኘህበት?» ቢባባሉ፣ ማኅበሩ ተመሠረተ ማለት ነው። ማኅተምና አዳራሽ አያሻውም። የሚያሻው፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተጻፈውን በኪሱ ይዞ እንደ ወጣው ሰው፣ ያነበበውን ለቀጣዩ የማድረስ ዕዳ ያለበት አንባቢ ነው።