ሌዝቢያን

ሌዝቢያን፦ በፍቅርና በፆታዊ ስሜት ወደ ሴቶች የምታዘነብል ሴት መጠሪያ። ቃሉ የተገኘው በኤጂያን ባሕር፣ ከቱርክ ጠረፍ አጠገብ ከምትገኘው የግሪክ ደሴት ከሌስቦስ ሲሆን፣ መነሻ ትርጉሙ «የሌስቦስ» ማለት ብቻ ነበር። ለምሳሌ የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል የሌስቦስ ግንበኞች ስለሚይዙት፣ በድንጋዩ ቅርጽ ልክ ስለሚጎብጥ የእርሳስ ብረት መለኪያ ጽፏል።

የዛሬውን ትርጉም ያተረፈለት የሳፎ ዝና ነው። ይህች ታላቅ ባለቅኔ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ በደሴቲቱ ኖራለች፤ ግጥሞቿም በክራር መሰል መሣሪያ ታጅበው ይዜሙ ነበር። ሙሉ ሆኖ የደረሰን ለፍቅር እንስት አምላክ ለአፍሮዲቴ የተቀኘችው አንዱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከቀሪው ብዙው የተገኘው በግብፅ፣ ኦክሲሪንኩስ በተባለች ጥንታዊ ከተማ የቆሻሻ ክምር ውስጥ፣ በተቦጫጨቁ ፓፒረሶች ላይ ነው። በዚያ ቁርጥራጭ እንኳ ለሴት የተሰማት ናፍቆት ጥርት ብሎ ይሰማል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የአውሮፓ ሐኪሞች ቃሉን ከበሽታ ስም ቆጠሩት፤ ይህ በደል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶቹ ራሳቸው በኩራት መጠሪያቸው አደረጉት። በ2008 እ.ኤ.አ. ሦስት የሌስቦስ ነዋሪዎች ስሙ ለደሴቲቱ ሰዎች ብቻ እንዲሆን ጠይቀው አቴንስ ላይ ክስ መሠረቱ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውድቅ አደረገው።