ከደረሳ ጎጆ እስከ ዩኒቨርሲቲ ግቢ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በታወቀ ሰሞን በከሚሴ መናኸሪያ አልፋችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ ወደ ጅማ፣ ሌላዋ ወደ አርባ ምንጭ፣ ቅርብ የደረሰው ደግሞ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ይሸኛል። እናት ዱዓ ታደርጋለች፤ አባት ይመክራል። ምክሩም አብዛኛውን ጊዜ «ሶላትህን ጠብቅ፤ ትምህርትህን ተማር፤ በማያገባህ አትግባ» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ማን ይጠላቸዋል? ሦስተኛው ግን፣ ከፍቅርና ከስጋት የመነጨ መሆኑ ባይካድም፣ ከአካባቢው ታሪክ ጋር አይገጥምም። ከቤት ርቆ መማር፣ ተምሮም ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መኖር ለዚህ አገር ሰው የቆየ ወጉ ነውና።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1943 (እ.ኢ.አ.) ነው። ከዚያ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን ሸኽ ሙሐመድ ሻፊ በጀማ ንጉሥ ያስተምሩ ነበር። በኋላም ሐጂ ቡሽራ በጋታ ሐለቃ ዘርግተዋል። ከከሚሴ ብዙም ሳይርቅ፣ በተራራ ላይ በተደረደሩ የድንጋይ ቤቶቿ በምትታወቀው የአርጎባዎች መንደር በሾንኬ፣ የሸኽ ጀውሀር ብን ሐይደር ስም እስከ ዛሬ ይነሳል። እነዚህ ስፍራዎች በርና ዘበኛ ያለው ግቢ አልነበራቸውም። ተማሪ ግን ነበራቸው። ደረሳ ይባላል።

ደረሳው ከየት ይመጣል? ከወሎ ብቻ አይደለም። ከጅማ፣ ከአርሲ፣ ከባሌ፣ ከጉራጌ አገር ጭምር ለወራት በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ነበር። አማርኛ የሚናገረው፣ ኦሮምኛ የሚናገረውና አርጎብኛ የሚናገረው በአንድ ሸኽ ፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ሸኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነህው፣ ሌላው በተፍሲር የታወቁ ስለሆኑ ተማሪው አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለዚህ ደረሳ በሕይወቱ ውስጥ «አዲስ ገቢ» የሚሆነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በየደረሰበት እንደገና እንግዳ ነው፤ በየደረሰበት እንደገና ባለቤት ይሆናል።

ባለቤት የሚሆንበት መንገድ ነው ልብ ሊባል የሚገባው። አዲሱ ልጅ በቀጥታ ከሸኹ አይቀራም፤ የቀደመው ደረሳ ይይዘዋል፣ ያስጠናዋል። ሁለት ዓመት ሳይሞላው እሱም በተራው ሌላ ጀማሪ ይዞ ታገኙታላችሁ። እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በእርሻ ወራት የሸኹን ማሳ ያግዛል። መንደርተኛው ከቤቱ ቆርሶ ያበላዋል፤ እሱም ለመንደርተኛው ልጆች ቁርኣን ያስቀራል፣ በሐዘንና በደስታው ይገኛል። «እኔ ለመማር ነው የመጣሁት፣ ሌላው አያገባኝም» የሚል ደረሳ ቢገኝ ማን ያበላው ኖሯል?

ይህን ስል ያ ዘመን ሁሉ ያማረ ነበር ማለቴ አይደለም። ደረሳው ይራብ ነበር። ኪታቡን በእጁ ይገለብጥ ነበር። ለሴት ልጅ ደግሞ በሩ ጠባብ ነበር፤ ዛሬ ሻንጣዋን አንግታ መናኸሪያ የምትቆመው እህታችን ያገኘችውን ዕድል አያቷ አላገኘችም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ወግ ያለው ሕዝብ ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። መንግሥቱ ክርስቲያናዊ ነበር፤ የትምህርት ቤቱም ወግ ከዚያው የተቀዳ ነበር። ለሙስሊሙ ወላጅ የአስኳላ በር ልጁ ከዲኑ የሚወጣበት በር መስሎ ታየው። ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አልነበረም፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በ1954 ኮሌጁ አድጎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲባልና ስድስት ኪሎ ሲደምቅ ሙስሊም ተማሪዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የአገሪቱ ትልልቅ ጥያቄዎች ግን የተነሱት በዚያው ግቢ ነው። በየካቲት 1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በኅዳር 1962 በደሴ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን በተማሪዎች ጋዜጣ ላይ የብሔረሰቦችን ጥያቄ ጻፈ። ኢትዮጵያዊ ለመባል የሌላውን ቋንቋ መናገር፣ የሌላውን ሃይማኖት መቀበል፣ ስምን እስከ መለወጥ መድረስ እንደሚጠየቅ በግልጽ ተናገረ። ዋለልኝ በኋላ የመረጠውን መንገድ መውደድ አይጠበቅብንም፤ በ1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገድሏል። ሆኖም የኛን ብሶት ከኛ ሌላ የሆነ የወሎ ልጅ መጻፉን እንዴት እንዘንጋው? በዚያው በ1965 ወሎ ተራበ። መንግሥት ሊሸፍነው ሲሞክር የዩኒቨርሲቲው መምህራን የረሃቡን ፎቶግራፎች ይዘው መጥተው በግቢው አሳዩ። በባቲና በየመንገዱ ዳር የወደቀው ሕዝባችን ወደ ስድስት ኪሎ የገባው በፎቶግራፍ ነበር።

ከዚያ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 መጣች። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው በአዲስ አበባ ጎዳና ወጣ። ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓላችን ይታወቅ፣ የመሬት ባለቤትነት ይፈቀድ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል ተባለ። በሰልፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት፤ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩበት። ለዓመታት በግቢው ውስጥ አብሮ መብላት፣ አብሮ መከራከርና አብሮ መታሰር ባይኖር ኖሮ ያ ክርስቲያን ተማሪ «የሙስሊሞች ጉዳይ ነው» ብሎ ቤቱ አይቀመጥም ነበርን? በ1967 ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ።

ከ1983 በኋላ ሌላ ዘመን ነው። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በአማራ ክልል ውስጥ ተቋቋመ፤ ከሚሴ መቀመጫው ሆነች፤ ሕፃናት በኦሮምኛ መማር ጀመሩ። የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓም በየዩኒቨርሲቲው ታየ። አዲስ ገቢውን ይቀበላል፣ ዶርሙን ያሳያል፣ በረመዷን ኢፍጣርና ሱሑር ያስተባብራል። የቀደመው ደረሳ ጀማሪውን እንደሚይዘው ማለት ነው።

ነገር ግን የከሚሴ ልጅ በግቢ የሚገጥመው አንድ ለየት ያለ ጥያቄ አለ፤ «ከየት ነህ?» የሚለው። ክልሉ አማራ ነው። ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። ዲኑ እስልምና ነው። ሦስት ወገን «የኛ ነህ» ሊለው ይችላል፤ ሦስቱም «የኛ አይደለህም» ሊሉት ይችላሉ። ጥያቄው ቀልድ ያልሆነበት ጊዜም አይተናል። በ2012 መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገደሉ፤ በብዙ ግቢዎችም ወጣቶች ትምህርታቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ሸሹ። የአባትየው «በማያገባህ አትግባ» እንዲህ ያለውን ቀን አስቦ ከሆነ ማን ይፈርድበታል? ሆኖም በእንዲህ ያለው ቀን ማንንም የማያውቅ፣ ማንም የማያውቀው ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የተጋለጠ ነው። አማርኛም ኦሮምኛም የሚችል ልጅ ደግሞ በሁለት ዶርም መካከል የሚላክ ሰው ሊሆን ይችላል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ! በደረሳው ዘመንም የተማረ ሰው ዋና ሥራው ሽምግልና ነበር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ የወሎን እስልምና ታሪክ በ1977 ለዶክትሬት ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2001 በመጽሐፍ አሳትመዋል። የጋታና የጀማ ንጉሥ ስም ዓለም በሚያነበው ጥናት ውስጥ ገባ። ለዚያ ሥራ ቤተ መጻሕፍት መቀመጥ አልበቃም፤ ከሸኾች ዘንድ ሄዶ መጠየቅ፣ በየመስጊዱ የተቀመጡ የእጅ ጽሑፎችን ማገላበጥ ግድ ነበር። በዚያ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ ሲደርስ ተማሪዎች ወደየትውልድ አገራቸው ወርደው ከሽማግሌ እየጠየቁ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ከሾንኬ ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጦ በቋንቋቸው የሚጠይቅ፣ ዐጀሚውንም የሚያነብ ሰው የሚፈልግ ገና ያልተጻፈ ብዙ ነገር አለ።