ቁንጠጣ፦ ሞተር ጉልበት እያለው መኪና ለምን ይቆማል?

በእንግሊዝና በጀርመን የካምፒንግ ሜዳዎች፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ አንድ የተለመደ ትዕይንት አለ። አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር የተገጠመለት ቫን፣ ካምፐር የሚሉት፣ እርጥብ ሣር ላይ የፊት ጎማዎቹ እየሾሩ ስንዝር ፈቀቅ ሳይል ይቆማል። አሸዋ የለም፣ ገደል የለም፣ ዳገቱም ዳገት የሚባል አይደለም። ሞተሩ 140 የፈረስ ጉልበት አለው። የጎደለው በእንግሊዝኛ «ትራክሽን» የሚባለው ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ «ቁንጠጣ» እንለዋለን።

ቁንጠጣ ማለት ሞተሩ የሚያዞረው ጎማ በከንቱ ሳይሾር መሬቱን ይዞ መኪናውን መግፋት የሚችልበት አቅም ነው። ቃሉ አዲስ ቢመስልም ግሡ የቆየ ነው። የጭቃ ቁልቁለት የሚወርድ የገጠር ሰው ጫማውን አውልቆ በጣቶቹ መሬት ቆንጥጦ ነው የሚራመደው። ከደበደበ ድብደባ እንደወጣ ከቆነጠጠም ቁንጠጣ ይወጣል። ልጅ ሲያጠፋ ጭኑ ላይ ከሚያርፈው ቁንጥጫ ጋር ዘመድ ቢሆንም አንድ አይደለም።

ሌሎች አማራጮችም ነበሩ። የእንግሊዝኛው ቃል ሥሩ «መጎተት» ስለሆነ «ጉተታ» የሚሉ ይኖራሉ፤ ነገር ግን ጉተታ የተበላሸ መኪና በገመድ ሲወሰድ የምንለው ነው፣ ሊደባለቅ ይችላል። «ይዞታ» ደግሞ ጥሩ ቃል ነበር፤ «የመሬት ይዞታ» ሲባል ግን አንባቢው ሐሳቡ ወደ ጎማ ሳይሆን ወደ ካርታና ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሄድበታል። በሳይንስ ትምህርት «ሰበቃ» ወይም «ፍትጊያ» የሚባለው የቁንጠጣ አንድ ምክንያት እንጂ ራሱ ቁንጠጣ አይደለም። የሰበቃን የጣሊያንኛ ስምማ ሾፌሮቻችን ከብዙ ዘመን በፊት ወስደው ለሌላ ዕቃ ሰጥተውታል፤ ፍሪሲዮን ብለን የምንረግጠው እሱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በሚያዞራቸው ጎማዎች ላይ ያረፈው ክብደት በመሬቱ የሰበቃ መጠን ይባዛል። የሰበቃው መጠን ደረቅ አስፋልት ላይ 0.8 ገደማ ነው፤ እርጥብ ሣር ላይ 0.2 ነው እንበል። በአውሮፓ በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳ ካምፐር ከነጭነቱ እስከ 3,500 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ 1,600ው የፊት ጎማዎች ላይ ቢያርፍ፣ አስፋልት ላይ 1,280 ኪሎ የሚያህል የመግፋት አቅም አለው፤ ሣሩ ላይ 320 ብቻ። በ100 ሜትር 10 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ደግሞ ለዳገቱ ብቻ 350 ይጠይቃል። ሞተሩ 100 ፈረስ ይሁን 300 መልሱ አይለወጥም። ነዳጅ መጨመርማ ያባብሳል፤ ጎማ መሾር ከጀመረ ሰበቃው ከነበረውም ይቀንሳል፣ ሣሩ ተልጦ ከሥሩ ጭቃው ይወጣል፣ ጎማውም ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል።

ብዙዎቹ የአውሮፓ ካምፐሮች የሚሠሩት በፊያት ዱካቶ ላይ ነው። ዱካቶ የሚነዳው በፊት ጎማ ነው። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ አንዳንዴም ብስክሌቱ ከኋላ ስለሚጫን ክብደቱ ከፊት ይሸሻል፤ ዳገት ሲመጣ ደግሞ ይብስበታል። የእኛ ዶልፊን ሚኒባስ የኋላ ጎማ ነጂ በመሆኑ ተሳፋሪ በሞላ ቁጥር ቁንጠጣው ይጨምራል፤ ካምፐሩ ግን ዕቃ በሞላ ቁጥር ሊያጣ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ነጂዎች የሚያንሸራትት ዳገት ሲያጋጥማቸው መኪናውን አዙረው በኋላ ማርሽ የሚወጡት። ያኔ የሚነዱት ጎማዎች ታች ይሆናሉ፣ ክብደቱም ወደ እነሱ ይመጣል። ለተመልካች ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ሌላው የቁንጠጣ ሌባ ዲፈረንሻሉ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጡ ፈጥኖ እንዲዞር ያስችላል፤ ለዚህ ውለታው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ለሁለቱም ጎማዎች እኩል የማዞር ኃይል ስለሚያካፍል፣ አንዱ ጭቃ ላይ ሲሾር ደረቅ መሬት የያዘውም የሚደርሰው ያንኑ ያህል ትንሽ ኃይል ነው። ዲፈረንሻሉ እንዲቆለፍ ማድረግ ይቻላል፣ ውድ ነው። ዱካቶ «ትራክሽን ፕላስ» በሚል የሚሸጠው አማራጭ በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ድረስ የሚሾረውን ጎማ በፍሬን ይዞ ኃይሉን ወደ ሌላው ያሳልፋል። ካለዎት ይጠቀሙበት። የተለመደው መንሸራተት ተቆጣጣሪ ግን ጎማ ሲሾር የሞተሩን ኃይል ስለሚቀንስ፣ አሸዋ ወይም ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ቢጠፋ ይሻላል።

ከተያዙ በኋላስ? የመጀመሪያው ሥራ እግርን ከነዳጁ ማንሳት ነው። ቀጥሎ ወርዶ የመኪናውን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። ሻንሲው መሬት ላይ ከተቀመጠ ክብደቱን የተሸከመው መሬቱ ነው፤ ጎማው የሚቆነጥጥበት ክብደት የለውም፣ ስለዚህ አካፋ ካልተነሳ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። ከጎማው ፊት ያለው አፈር በተዳፋት ተጠርጎ፣ መሪው ቀጥ ተደርጎ፣ ቢቻል በመጡበት ዱካ መመለስ ይመረጣል፤ ያ ዱካ ቀድሞ ተጠቅጥቋል። ሣር ላይ ከሆነ የመኪናው ምንጣፍ ወይም ያረጀ ስጋጃ ከሚነዱት ጎማዎች ሥር መወተፍ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አሸዋ የራሱ ሕግ አለው፤ እዚያ ትልቁ መድኃኒት ነፋስ ማስተንፈስ ነው። ወደ ኤርታሌ የሚወስዱ የአፋር ሾፌሮች ላንድክሩዘራቸውን አቁመው ጎማ ሲያስተነፍሱ ያየ ቱሪስት ጎማው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። የተነፈሰ ጎማ ወደ ጎን ብቻ የሚሰፋ የሚመስላቸው አሉ፤ በዋናነት የሚረዝመው ግን ወደፊትና ወደኋላ ነው፤ ክብደቱን በሰፊ ቦታ ስለሚያሳርፍ አሸዋው ውስጥ አይሰምጥም። ለመካከለኛ ፎር ዊል ከ18 እስከ 20 ፒኤስአይ የተለመደ ነው። ካምፐር ከባድ ስለሆነ ያን ያህል አይወርድም። ጎናቸው ላይ «ሲፒ» የሚል ምልክት ያለባቸው የካምፐር ጎማዎች ከኋላ እስከ 5.5 ባር ይነፋሉ፤ ከዚያ ላይ አንድ ሦስተኛውን ማውረድ ጥሩ መነሻ ነው። በተነፈሰ ጎማ መፍጠንና በኃይል መታጠፍ ጎማውን ከቸርኬው ሊያወልቀው ስለሚችል፣ አስፋልት ከመድረስዎ በፊት መልሶ የሚነፋ ትንሽ ኮምፕረሰር ይያዙ።

ከጎማ ሥር የሚገባው ሰሌዳም የአሸዋ ልጅ ነው። ራልፍ ባግኖልድ የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪኖች ሲያስስ፣ ከጎማ ሥር የሚዘረጉ የብረት ቦዮች ይይዝ ነበር። በ1940 ያቋቋመው የበረሃ ጦር ቡድንም በዚሁ ዘዴ እየተንቀሳቀሰ ጣሊያንን ከጀርባ ሲያስጨንቅ ቆይቷል። ዛሬ በየካምፐሩ ጣሪያ ላይ የሚታዩት ባለጥርስ የፕላስቲክ ሰሌዳዎች የእነዚያ ልጆች ናቸው። ሰሌዳው ሲቀመጥ ጥርሱ ጎማውን መንካት አለበት፤ ከዚያ ነዳጅ ቀስ ተደርጎ ይሰጣል። ጎማው ሰሌዳው ላይ ከሾረ ጥርሱን ያቀልጠዋል፣ ሰሌዳውንም ወደኋላ ሊወረውረው ስለሚችል ከኋላ ሰው አይቁም።

የእኛ ዋልካ አፈር ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ልሙጥ ያደርገዋል። ጥርሱ የተራራቀ የጭቃ ጎማ ጭቃውን እያራገፈ የተሻለ ይሄዳል፤ የተሻለው ምክር ግን ዋልካው እስኪጠነክር መጠበቅ ነው።

ገንዘብ የሚያወጣ ካለ፣ በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ ጥሩ ጎማ፣ ኮምፕረሰር፣ አካፋ፣ ሰሌዳ ነው። ፎር ዊል ካምፐር የሚያስፈልገው በየሳምንቱ ከመንገድ ለሚወጣ ሰው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሣር ላይ ለሚያድር ውድ ጌጥ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የሌላ መኪና ቁንጠጣ መዋስ ይቀራል። ገመዱ የሚታሰረው ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ላይ እንጂ ተጎታች በሚያያዝበት ኳስ ላይ አይደለም። በአውስትራሊያ በገመድ ውጥረት ተገንጥሎ የተወረወረ ኳስ ሰው ገድሏል። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት በየመኪናው ሾፌሩ ብቻ ይቅር፤ ሌላው ሰው ሁሉ፣ በስልኩ ቪዲዮ የሚቀርጸውም ጭምር፣ ከገመዱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል በላይ ርቆ ይቁም።