ሚስትነት በወሎ ታሪክና በአማርኛ ልብ ወለድ

ሚስትነት በወሎ ታሪክ ሲባል በዚህ ገጽ የሚገለጸው፣ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በወሎ ገዥ ቤቶችና በጎንደር፣ በሸዋና በትግራይ መኳንንት መካከል በተደረጉ ጋብቻዎች ሚስቶች የነበራቸው ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የእርቅ ማኅተም፣ የታማኝነት መያዣ፣ አንዳንዴም የጦርነት መንስኤ ነበር። የአባት ቤትና የባል ቤት ሲጣሉ ሚስቲቱ የማን ናት የሚለው ጥያቄ በወሎ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል፤ የአማርኛ ልብ ወለድም ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ ሲያነሣው ቆይቷል። ዓመታቱ ሌላ ካልተገለጸ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ስምና የጋብቻ ዓይነቶች

በኢትዮጵያ ያገባች ሴት የባሏን ስም አትወስድም። ስኂን ሚካኤል፣ መነን አስፋው፣ ጣይቱ ብጡል የሚሉት ስሞች ሁሉ የሚጠቁሙት ባልን ሳይሆን አባትን ነው። ይህ ቀላል የሚመስል ልማድ ለፖለቲካ ጋብቻ ዋና ነገር ነበር፤ ሚስት የትኛውን ቤት ወክላ እንደመጣች ስሟ ሁልጊዜ ያስታውሳልና። የርስት መብትም በአባትም በእናትም በኩል ይወረስ ስለነበር ያገባች ሴት ከተወለደችበት አገር መሬት አትነቀልም።

በክርስቲያኖች ዘንድ ሦስት የታወቁ የጋብቻ ዓይነቶች ነበሩ። በቁርባን የተጋቡ አይለያዩም። በሰማንያ የሚፈጸመው በምስክርና በዋስ ፊት በውል የሚታሰር ሲሆን ሊፈርስ ይችላል። ደሞዝ የሚባለው ደግሞ ለሴቲቱ ክፍያ ተቆርጦላት ለተወሰነ ጊዜ የሚደረግ ነው። በሙስሊሞች ዘንድ ጋብቻው በኒካህ ይታሰራል፣ ለሙሽራዋም መህር ይሰጣል። በወሎ አንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ሁለቱም ሃይማኖቶች መገኘታቸው የተለመደ ስለሆነ እነዚህ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ኖረዋል። መኳንንቱ ብዙ ጊዜ የሚጋቡት በሰማንያ ነበር፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የፖለቲካው ነፋስ ሲዞር ሊፈታ የሚችል ጋብቻ ያስፈልጋቸው ነበር።

እቴጌ መነን ሊበንና ተዋበች አሊ

መነን ሊበን አመዴ ከወሎ ሙስሊም ገዥ ቤት የተወለዱ ሲሆኑ፣ የየጁው ራስ ጉግሣ ልጅ ለሆኑት ለደጃዝማች አሉላ ሲዳሩ ክርስትና ተነሡ። ከዚህ ጋብቻ ራስ አሊ 2ኛ ተወለዱ። አሊ በ1823 (እ.ኤ.አ. 1831) ገና በልጅነታቸው የእንደራሴነቱን ሥልጣን ሲይዙ ከጀርባ ሆነው አገሩን ከሚመሩት መካከል ዋናዋ እናታቸው ነበሩ። በኋላም መነን ዐፄ ዮሐንስ 3ኛን አግብተው እቴጌ ተባሉ። ይህ ጋብቻ የተለየ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም፣ ሚስቲቱ ግን የራሳቸው ግዛትና የራሳቸው ጦር ነበራቸው።

መነን የቋራው ካሣ ኃይሉ እየበረታ መምጣቱን ባዩ ጊዜ ያደረጉት ዘመኑ የሚያውቀውን ዘዴ ነው። የልጃቸውን የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ካሣ ግን በጋብቻው አልታሰረም። ሸፍቶ የእቴጌይቱን ጦር ገጠመ፣ በ1839 (እ.ኤ.አ. 1847) ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ራሳቸውን መነንን ማረካቸው። የተለቀቁትም ራስ አሊ ለካሣ ግዛትና ሹመት ከሰጡ በኋላ ነው። አማቱን የማረከ ሳይሆን የሚስቱን አያት የማረከ ሰው ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

በዚህ ሁሉ መካከል ተዋበች ከባላቸው ጋር ቆሙ። ካሣ አባታቸውን ራስ አሊን በ1845 (እ.ኤ.አ. 1853) በአይሻል ድል ሲነሣም አልተለዩትም። ካሣ በ1847 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ እቴጌ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1858 ልጅ ሳይወልዱ ሞቱ። የቴዎድሮስ ጭካኔ የበረታው ከእርሳቸውና ከእንግሊዛውያኑ ወዳጆቻቸው ከፕላውደንና ከቤል ሞት በኋላ ነው የሚለው አስተያየት በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ይገኛል። ይህ አባባል ተዋበችን ማክበሩ ባይቀርም፣ የአንድን መንግሥት መበላሸት በአንዲት ሚስት ሞት ማስረዳት ግን ነገሩን ከሚገባው በላይ ያቀለዋል። ግብርና ዘመቻ ያስመረረው ገበሬ፣ መሬቷ የተነካባት ቤተ ክርስቲያንም ነበሩ።

ወርቂትና መስተዋት

በ1850ዎቹ የወረ ሂማኖ አገር በሁለት ተቀናቃኝ እመቤቶች፣ በወርቂትና በመስተዋት፣ ይመራ ነበር። ሁለቱም የሚገዙት በወጣት ወራሾች ስም ነው። እዚህ ላይ ሚስትነት መልኩን ይለውጣል፤ ባል ከሌለ በኋላ እመቤቲቱ ጦር ታዝዛለች፣ መልእክተኛ ትልካለች፣ እንግዳ ታሳድራለች።

ከእነዚህ እንግዶች አንዱ ምኒልክ ነበሩ። በ1857 (እ.ኤ.አ. 1865) ከመቅደላ ሲያመልጡ የተጠጉት ወደ ወርቂት ነው። ምኒልክ በመቅደላ ሳሉ የቴዎድሮስን ልጅ አልጣሽን አግብተው ነበር፤ ሲያመልጡ ግን ሚስታቸውን ከአባቷ ጋር ትተው ወጡ። ወርቂት ስደተኛውን አሳልፈው አልሰጡም። ዋጋው ከባድ ሆነ፤ በመቅደላ በመያዣነት የነበረውን ልጃቸውን ቴዎድሮስ አስገደሉት። የሸዋ መንግሥት ተመልሶ የቆመው በዚህች የወሎ እናት ኪሳራ ጭምር ነው ማለት ማጋነን አይሆንም፤ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ግን ይህን ያህል የሚያስታውሳቸው የለም።

በ1860 (እ.ኤ.አ. 1868) የጄኔራል ናፒዬር ጦር መቅደላን ሲይዝ ሁለቱም እመቤቶች አምባውን ለመረከብ ፈልገው ነበር። እንግሊዞቹ ለዋግሹም ጎበዜ መስጠትን መረጡ፤ እርሳቸው ሳይቀበሉ ሲቀሩም አምባውን አቃጥለው ሄዱ።

ከቦሩ ሜዳ በኋላ

ከደሴ በስተሰሜን በምትገኘው በቦሩ ሜዳ በ1870 (እ.ኤ.አ. 1878) በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የተጠራው ጉባኤ የወሎን ገዥዎች ሃይማኖት ቀየረ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው ተጠመቁ። ከዚያ ወዲህ የወሎ ቤት ከሸዋና ከትግራይ ነገሥታት ጋር በቀጥታ የሚጋባ ሆነ።

ወሎ ራሷም የጥሎሽ ያህል የተሰጠችበት ጊዜ አለ። በ1874 (እ.ኤ.አ. 1882) ዮሐንስና ምኒልክ በወረ ኢሉ ሲታረቁ የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ለዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ እንድትዳር ተወሰነ፤ ወሎም ለአርአያ ተሰጠ። ዘውዲቱ የ6 ዓመት ልጅ ነበረች። አርአያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞተ፣ ዘውዲቱም ወደ አባቷ ተመለሰች። በኋላ ንግሥተ ነገሥታት ለመሆን በ1909 ስትመረጥ ከመጨረሻው ባሏ ከራስ ጉግሣ ወሌ እንድትለይ ተደረገ። ጉግሣ በ1922 በመንግሥቷ ላይ ተነሥተው በአንቺም ጦርነት ሲሞቱ ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ።

ራስ ሚካኤል ደግሞ ሌላዋን የምኒልክ ልጅ ሸዋረጋን አገቡ። ልጅ ኢያሱ የተወለዱት ከዚህ ጋብቻ ነው። ምኒልክ ወንድ ወራሽ ስላልነበራቸው በ1901 ዙፋኑ ለኢያሱ ታወጀ፤ የወሎ ቤት በአንዲት ሚስት በኩል የኢትዮጵያን ዘውድ አገኘ ማለት ነው። ሸዋረጋ ግን ይህን አላዩም፤ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሞተው ነበር። ኢያሱም በዚያው ዓመት የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ከሆነችው ከሮማነወርቅ መንገሻ ጋር ተጋቡ፤ ሁለቱም ልጆች ነበሩ። አባታቸው ሚካኤል በ1906 በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

እቴጌ መነን አስፋው

ሚካኤል ከሸዋረጋ በፊት ከወለዷቸው ልጆች አንዷ ወይዘሮ ስኂን ናቸው። ስኂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው መነንን ወለዱ። ጃንጥራር የአምባሰል ገዥዎች የቆየ ማዕረግ ነው። ስለዚህ መነን የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ፣ የልጅ ኢያሱ የእኅት ልጅ ናቸው፤ በዕድሜ ግን ከአጎታቸው ይበልጡ ነበር።

መነን ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከማግባታቸው በፊት ሌሎች ባሎች ነበሯቸው። የመጨረሻው ራስ ልዑልሰገድ አጥናፍሰገድ ናቸው። ከእርሳቸው ተለይተው ሐምሌ 24 ቀን 1903 (እ.ኤ.አ. 1911) ተፈሪን እንዲያገቡ ያደረጉት ኢያሱ እንደሆኑ፣ ዓላማቸውም የሐረሩን ገዥ በጋብቻ ማሰር እንደነበረ በሰፊው ይነገራል። እቴጌ መነን ሊበን ካሣን ለማሰር የሞከሩበት ዘዴ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ተደገመ፤ ውጤቱም አልተለየም።

በመስከረም 1909 ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አልጋ ወራሽ የሆኑት ተፈሪ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። በመጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የገጠማቸውን የሸዋ ጦር ደመሰሱት፤ የጦሩ አዛዥና በዚያ የወደቁት ራስ ልዑልሰገድ፣ የመነን የቀድሞ ባል፣ ናቸው። ከቀናት በኋላ ጥቅምት 17 ቀን 1909 በሰገሌ ሚካኤል ተሸንፈው ተማረኩ፣ በሰንሰለት ታስረውም አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ ወር ውስጥ የመነን የፊት ባል በአያታቸው ጦር ተገደሉ፣ አያታቸው በባላቸው ወገን ታሰሩ፣ አጎታቸው ተሰደዱ። የዘር ሐረጉን በወረቀት ላይ ለሚስል ሰው ሁሉም መስመሮች የሚገናኙት በእርሳቸው ላይ ነው። እርሳቸው ከባላቸው ጋር ቆዩ።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ መነን በዚያው ዕለት ዘውድ ጫኑ። ስድስት ልጆች ወልደውላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1931 በአዲስ አበባ በስማቸው የተከፈተው የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይታወቃል። የካቲት 8 ቀን 1954 ዐረፉ። የበኩር ወንድ ልጃቸው አስፋ ወሰን የወሎ ገዥ ሆነው ደሴ ተቀምጠዋል፤ የወሎ ደም በእናት በኩል ተመልሶ ወሎን ገዛ።

በደሴ ከተማ ከሚካኤል ዘመን የቀሩት ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ንጉሡ ያሠሩት የአይጠየፍ አዳራሽ ነው። ሌላው በመነን እናት የተሰየመው የወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። ብዙ ትውልድ የተማረበት ይህ ስም ከሚስትነት ይልቅ በእናትነት የተገኘ ነው።

በልብ ወለድ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ (ጦቢያ) እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከመንታ ወንድሟ ጋር የምትንከራተት ልጅ ናት። የወደዳት ክርስቲያን ያልሆነ ንጉሥ ሃይማኖቱን ለውጦ ያገባታል። ከወሎ ታሪክ ጋር ሲያስተያዩት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእውነተኛው ታሪክ መነን ሊበን ለባላቸው ቤት ሲሉ ሃይማኖት ቀየሩ፣ በልብ ወለዱ ግን የሚቀይረው ባል ነው። ደራሲው መጽሐፉን ሲያሳትም የቦሩ ሜዳ ጉባኤ 30 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር፤ ሃይማኖትና ጋብቻ አንድ ላይ የሚነሡበት ታሪክ ለአንባቢው እንግዳ አልነበረም።

የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር (1958) በጎጃም የተቀመጠ ቢሆንም የመኳንንቱን የጋብቻ ስሌት እንደ እርሱ ገልጦ ያሳየ መጽሐፍ የለም። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል በዘር የሚመጥን ባል እያጡ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ ያልፋል። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩአይነት የልጃቸው ነገር ቢያሳዝናቸውም የባላቸውን ቃል ማጠፍ አይችሉም። ሰብለ በመጨረሻ የታሰበላትን ጋብቻ ጥላ ትወጣለች። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የማይጠይቀውን፣ ሙሽራዋ ማንን ትፈልግ ነበር የሚለውን፣ ደራሲው ጠየቀ። ተዋበችም ሆኑ መነን አስፋው ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ጸሐፊ አልገጠማቸውም።

ዘፈን ሌላ መንገድ ይዟል። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። በእነዚህ ቅኝቶች የምትዘፈነው የወሎ ሴት በአብዛኛው የምትናፈቅ ቆንጆ ናት እንጂ ቤት የምታስተዳድር ሚስት አይደለችም። የወሎ ሴት በአገሪቱ የምትታወቅበት መልክ የመጣው ከታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን ከዚህ ነው።

በሕግና በዛሬው ኑሮ

የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ደንግጎ ነበር፤ ለሴት ልጅ የጋብቻ መነሻ ዕድሜ 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ፣ ቤተሰብን መምራትና የጋራ ሀብትን ማስተዳደርንም የባልና የሚስት እኩል መብት አደረገው። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 አወጣ። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት በደቡብ ወሎ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ልዩ ትርጉም አለው፤ ባልና ሚስት ሁለቱም ከተስማሙ የጋብቻ ክርክራቸው በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ካልፈቀደ ግን መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል።

በኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሴቶች የደሞዝ ሥራ አምጥተዋል። ደሞዝ የሚለው ቃል በአካባቢው ድሮ የአንድ ጋብቻ ዓይነት ስም ነበር፤ ዛሬ ያገባችም ያላገባችም በወሩ መጨረሻ የምትቀበለው የራሷ ገንዘብ ነው።