ከቢቸናና ከሞጣ እስከ ሜሪላንድ፦ የኳስ መንገደኞች

ቢቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሞጣ ደግሞ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ትገኛለች። ሁለቱም በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ዘመን የአውራጃ ዋና ከተማ ሆነው ኖረዋል። ቢቸና ሲነሳ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አርበኝነትና የዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ይታወሳሉ፤ ሞጣ ሲነሳ ደግሞ የሞጣ ጊዮርጊስና የ1960ው የገበሬ አመፅ። ኳስን የሚያነሳ የለም ማለት ይቻላል። ምክንያትም አለው፤ ፕሪሚየር ሊግ ያስተናገደ ስታዲየም በሁለቱም አልነበረም። ኳስ ወዳዱ ግን ሞልቷል። ሜዳ የራቀው ኳስ ወዳድ ደግሞ ወይ በጆሮው ያያል፣ ወይ ስንቁን ቋጥሮ መንገድ ይገባል። የእግር ኳሳችን ታሪክ ሲጻፍ ተጫዋቹና አሰልጣኙ፣ ሲብስም የፌዴሬሽኑ ጭቅጭቅ ገጹን ይሞሉታል፤ ይህ መንገደኛ ግን ብዙም ቦታ አላገኘም።

የጎጃም ሰው ጨዋታ ለማየት ከቤቱ መውጣትን ከእግር ኳስ አልተማረም። በገና ሰሞን የአንዱ አጥቢያ ጎረምሳ ከሌላው ጋር ጥንግ ሲለጋ፣ ሽማግሌውም ልጅ እግሩም ወደ መስኩ ይወጣ ነበር። ደጋፊው ዳር ቆሞ የራሱን ወገን ያሞግሳል፣ የሌላውን በግጥም ይሸነቁጣል። በዕለቱ ለተባለው ነገር ቂም አይያዝም፤ ጌታም ቢሆን የሎሌውን ነቆራ ችሎ ያልፋል። ዛሬ በየስታዲየሙ የምንሰማው የቲፎዞ ለከፋ ሥሩ ከዚህ ቢመዘዝ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም። የገና ሜዳ ግን በሰው ደጅ ነበር። ዘመናዊው ሜዳ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ተተከለና እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና የተካሄደው በ1936 ዓ.ም. ነው። ተወዳዳሪዎቹ 5 ነበሩ፤ በ1928 አራዳ ላይ የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱት። «የኢትዮጵያ ሻምፒዮና» ይባል እንጂ የአንድ ከተማ ውድድር ነበር። የቢቸና ሰው በዚያ ሰሞን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። የአካባቢው አርበኛ በላይ ዘለቀ ታስሮ አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ጊዜው ጥር 1937 ነው። የዋና ከተማው ወሬ በዓባይ በረሃ ተሻግሮ ሲመጣ የኳስ ውጤት ይዞ አይደለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሌላ ነበር። የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጅቶ 4 አገሮች ብቻ የተሳተፉበት ውድድር ፍጻሜ ላይ ደረሰ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜው ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ስለነበር፣ በፍጻሜው ኡጋንዳን ጥላ ከመጣችው ግብፅ ጋር ተገናኘች። መደበኛው ሰዓት በአቻ ውጤት አልቆ በተጨማሪ ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ዋንጫውን የሰጡት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ይህንን ጨዋታ ከጎጃም ድረስ መጥቶ ያየ ሰው ቢኖር ለልጅ ልጅ የሚተርከው ነገር ይዞ ተመልሷል። ዓባይን በጠመዝማዛው መንገድ ወርዶ መውጣት በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወይም ለሕክምና ካልሆነ በቀር አይደፍረውም።

ስለዚህ የክፍለ ሀገሩ ደጋፊ የኖረው በሬዲዮ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየምን ጥላ ፎቅ፣ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ እና ከማን አንሼ ሳይረግጣቸው በስም ያውቃቸዋል። ታኅሣሥ 1980 ላይ ኢትዮጵያ በሜዳዋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ከዚምባብዌ ጋር ስትጫወት፣ ጨዋታው በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይ፣ ደምሴ ዳምጤ በሬዲዮ ያስተላለፈው ዘገባ ዛሬም ድረስ በሰው ጆሮ ውስጥ አለ። ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ ኳስ ወዳድ ጠይቁ፤ ጎሉን እንዳየ አድርጎ ይነግራችኋል፤ ያየው ግን በባትሪ ሬዲዮ ነው። የአንድ ጋዜጠኛ ድምፅ የሠራውን ያህል አንድም ስታዲየም አልሠራም እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተቀየረ። በየወረዳው ከተማ ዲሽ ተተከለ፤ ዲኤስቲቪ ቤቶች ተከፈቱ፤ የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ በገበያ ቀን ተሰቅሎ መሸጥ ጀመረ። ለንደንን ያላየ ልጅ የኤምሬትስን መግቢያ ከባሕር ዳር መናኸሪያ አብልጦ ያውቃል። ይህን የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን አልፈርድበትም። ቅርቡ ያለው ሜዳ ሲዘጋበት ሩቁ የተከፈተለት ሰው ምን ያድርግ?

የአገር ቤቱን ኳስ እንደገና የመንገድ ጉዳይ ያደረገው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ቀን ነው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቡት ጎል አገር ተደበላለቀ። ከሦስት ወር በኋላ ቡድኑ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ በዚያ አገር በንግድ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ከየከተማው እየመጡ ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ አለበሱት። አዳነ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 ተለያዩ። ያ ቀን ጥር 13 ነበር፤ ይድነቃቸው ዋንጫ ካነሱበት ዕለት ልክ 51 ዓመት። በረኛችን በቀይ ካርድ ሲወጣ ቩቩዜላ ወደ ሜዳ የወረወሩም ነበሩ፤ እሱን ማድበስበስ አይገባም። የጓጓ መንገደኛ ሁሉ ጨዋ አይደለም።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ሌሶቶን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ጨዋታው የተካሄደው በአዲሱ የባሕር ዳር ስታዲየም ነው። ለቢቸናና ለሞጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የስታዲየም መንገድ ሆነ። ድሮ ለጉዳይ ወይም ለሕክምና የሚኬድበት መስመር ማሊያ የለበሰ ወጣት ጭኖ መጓዝ ጀመረ። ኅዳር 9 ቀን 2012 ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ደግሞ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፍነው በዚሁ ሜዳ ነው። ሁለተኛው ድል ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ በር የከፈተ ነበር።

በክለብ ኳስም የሞጣ ልጅ ሁለት ምርጫ አገኘ። አንደኛው ባሕር ዳር ከተማ፣ የጣና ሞገዶቹ፣ በ2011 ፕሪሚየር ሊግ የገባው። ሌላው ጎንደር ያለው ፋሲል ከነማ፣ አጼዎቹ። ፋሲልን ለመደገፍ የሞጣ ሰው የተለየ ምክንያት ቢፈልግ አያጣም። ከከተማዋ አቅራቢያ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። መካከሉ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰብሮ፣ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከጎጃም ወደ ቤጌምድር፣ ከቤጌምድር ወደ ጎጃም ይሳብ ነበር። ገበያተኛውም ነጋዴውም እንዲህ ነው የተሻገረው። የዚያ ንጉሥ ስም በማሊያ ላይ ተጽፎ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ማየት ለጎረቤት ደስ አይልም ትላላችሁ?

ዋንጫው ግን እንደ ድሮው በሜዳህና በሜዳዬ አልተገኘም። የ2012 ውድድር በኮሮና ተሰርዞ፣ የ2013ቱ ሲጀመር ሊጉ ከከተማ ወደ ከተማ የሚዞር ሆነ። መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ጅማ፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ። ቡድኖቹ ሁሉ በአንድ ከተማ ሰፍረው ይጫወታሉ፤ ካሜራውም አብሮ ይሰፍራል። የጅማው ሜዳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ነው። በኋላም በአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ሊጉን አስተናገደ። ማዘጋጃ ቤቶች ለዓመታት መሠረት ድንጋይ ሲጥሉ፣ ለተማሪ ተብለው የተሠሩ ሜዳዎች የአገሪቱን ትልቁን ውድድር ተሸከሙ።

ይህ ነገር በአሜሪካ አዲስ አይደለም። እዚያ ኮሌጆች እርስ በርስ መጋጠም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ እነሱ ፉትቦል የሚሉት በእጅ የሚያዘውን ሞላላ ኳስ ቢሆንም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፤ የአገሪቱ የባለሙያ ክለቦች አንዳቸውም ይህን ያህል መቀመጫ የላቸውም። በየሳምንቱ መጨረሻ መኪናውን አስነስቶ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ ወደ ሌላው መዞርን እንደ ተሳላሚ ልማድ ያደረገ ደጋፊ እዚያ ብዙ ነው።

የእኛም ሰው በዚያ አገር በዚህ ልማድ ውስጥ ገብቷል፤ በራሱ መንገድ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውስተን ላይ የሂውስተን፣ የዳላስ፣ የአትላንታና የዋሽንግተን ኢትዮጵያውያን 4 ቡድን አቋቁመው ተጫወቱ። ብዙዎቹ ከደርግ የሸሹ ስደተኞች ነበሩ። ከዚያ የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ተወለደ። በየዓመቱ በሐምሌ መባቻ አካባቢ፣ በአሜሪካ የነፃነት ቀን ሳምንት፣ አንድ ከተማ ተመርጦ ሕዝቡ ከየግዛቱ ይጎርፋል። ኳሱ ሰበብ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ሰው የሚጓዘው የ20 ዓመት ጓደኛውን ሊያገኝ፣ ልጁን ሊድር፣ ክትፎ ሊበላ፣ ዓርብ ዕለት የኢትዮጵያን ቀን በነጠላ ሊያከብር ነው። ሜዳው ላይ ማን እንዳሸነፈ ከተጠየቀ ግማሹ አይነግራችሁም።

የ30ኛው ዓመት በዓል በ2005 ክረምት የተከበረው በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ስታዲየም በርድ ይባል ነበር፤ ከ1936 እስከ 1954 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲውን በመሩትና ጥቁር ተማሪ እንዳይገባ በታገሉት ፕሬዚዳንት ስም። ስሙ የተነሳው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ነው። ያ ሰው እንዳይገቡ በሩን ይዞባቸው የነበሩት ሰዎች ወገን ከበሮ እየመታ በበሩ ገብቶ እስክስታ ሲወርድ ማሰብ በራሱ ታሪክ ነው። ፌዴሬሽኑ የራሱ ገመና የለውም ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት በገንዘብና በፖለቲካ ተከፍለው በአንድ ሳምንት ዳላስና ዋሽንግተን ላይ ሁለት ውድድር ተካሂዷል። መንገደኛው ደጋፊ በዚያ ዓመት ትኬት ከመቁረጡ በፊት ወገኑን መምረጥ ነበረበት።

እንዲህ ያለው መከፋፈል አገር ቤትም አልጠፋም። በ2010 እና በ2011 የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ ጨዋታው ገለልተኛ ሜዳ ላይ የሚደረግበት ጊዜ ነበር። ሁለቱን ዋንጫዎች የወሰዱት ጅማ አባ ጅፋርና መቀለ 70 እንደርታ ናቸው፤ የ2013ቱን ፋሲል ሲጨምርበት፣ ተጫውተው በተጠናቀቁ ሦስት ተከታታይ ውድድሮች ዋንጫው ከአዲስ አበባ ወጥቷል ማለት ነው። ኳሱ ወደ ክልል በወጣበት ዘመን ደጋፊው ወደ ጎረቤት ክልል ለመሄድ ፈራ። ከዚህ በላይ የሚያስቆጭ ነገር በእግር ኳሳችን ታሪክ አላውቅም።

ቀጥሎ ሜዳውም ከአገር ወጣ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ስለዘጋው፣ ኅዳር 2 ቀን 2014 ኢትዮጵያ ከጋና ጋር «በሜዳዋ» የተጫወተችው ጆሃንስበርግ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ 2 ቀን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ቦታው የማላዊ ዋና ከተማ ሊሎንግዌ ነበር። በ1954 አዲስ አበባ ላይ ያሸነፍነውን ቡድን ስናሸንፍ አንድ የሞጣ ወይም የቢቸና ሰው ሜዳው ውስጥ ሊገኝ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ሬዲዮ ወደማዳመጥ ተመለስን ማለት ነው፤ ሬዲዮው ስልክ ሆነ እንጂ።

ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት የደጀንን፣ የቢቸናንና የሞጣን መንገድ ሌላ ነገር አድርጎታል። ለኳስ ቀርቶ ለሠርግና ለለቅሶም መንገደኛው ያመነታል። ሊጉ በድሬዳዋ፣ በአዳማና በሐዋሳ ሲዞር የጎጃም ደጋፊ በቴሌቪዥን ይከታተላል።

ሊጉን የምትመሩ ሰዎች ሆይ፣ በአንድ ከተማ ሰፍሮ መጫወት ወጪ ይቀንሳል፣ ለካሜራም ይመቻል፤ እውነት ነው። ጊዜያዊ መፍትሔ ሆኖ ሠርቷል። ሆኖም የአዳማ ሰው ባሕር ዳርን፣ የባሕር ዳር ሰው ወላይታን ያወቀው በሜዳህና በሜዳዬ ጉዞ ነው። መንገዱ ሰላም ሲያገኝ ይህ ጉዞ ይመለስ። ዩኒቨርሲቲዎችም ሜዳቸውን ለሊጉ ብቻ ሳይሆን በዙሪያቸው ላሉ የወረዳ ቡድኖች በቅዳሜና በእሑድ ይክፈቱ፤ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለቢቸናና ለሞጣ ቅርባቸው ነው።