ስለ ዘማቹ አብራሪ ተራ

በአሜሪካ አገር ሁለት የደንብ ልብስ ያላቸው የአየር መንገድ አብራሪዎች ብዙ ናቸው፤ አንደኛውን መንገደኛ ሲያጓጉዙ፥ ሁለተኛውን በተጠባባቂ ጦር ሲያገለግሉ ይለብሱታል። እንዲህ ያለው ሰው ሲዘምት የሚያሠጋው የደመወዙ መቅረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአየር መንገዶቹ ዘንድ አብራሪ የሚያድገው በተቀጠረበት ቀን ቅደም ተከተል ነው፤ ካፒቴን የሚሆንበት ጊዜ፥ የሚነዳው አይሮፕላን፥ የበዓል ዕረፍቱም ሳይቀር በዚሁ ተራ ይወሰናል። እንግዲህ ዘምቶ ተራውን ቢያጣ ከእርሱ በኋላ የተቀጠሩት ዕድሜ ልኩን ከፊቱ ይቆማሉ።

ይህን ነገር መልክ ያስያዘው ግን አብራሪ ሳይሆን በያጅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940 የወጣው የምልመላ ሕግ ከጦር ለተመለሰ ሰው የቀድሞ ሥራው እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። ከጦሩ ተሰናብቶ በኒው ዮርክ ወደ መርከብ ጥገና ሥራው የተመለሰ አንድ በያጅ፥ ሥራ ባነሰ ጊዜ ለጥቂት ቀኖች ተቀነሰ፤ ያልዘመቱ ነገር ግን ቀድመውት የተቀጠሩ ሰዎች ሠሩ። ዘማች ነኝና ልቀድም ይገባኛል ብሎ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1946 አልፈረደለትም። ነገር ግን በዚያው ፍርድ ውስጥ ዳኞቹ የሥራን ዕድገት በራሱ ወደ ላይ በሚሄድ ደረጃ መስለው፥ ዘማቹ ተመልሶ የሚቆመው በወረደበት ሥፍራ ሳይሆን ባይወርድ ኖሮ በሚደርስበት ላይ ነው አሉ። በያጁ የጥቂት ቀን ደመወዙን ሳያገኝ ቀረ፤ የተረታበት ቃል ግን ከእርሱ በኋላ ለመጡት ዘማቾች ሁሉ ጋሻ ሆነ። እኔ ፍርዱን ደግ ፍርድ እለዋለሁ፤ ዘማቹ ተራውን አላጣም፥ የቀረውንም ሰው ተራ አልወሰደም።

በ1994 የወጣው ሕግ ይህንኑ አጸና። ለአንድ አሠሪ በጠቅላላው የ5 ዓመት አገልግሎት ይፈቅዳል፤ በየጊዜው የሚደረገው የግዴታ ልምምድ አይቆጠርበትም። እጅ ግን ሕግን አይጠብቅም። በ90 ቀን ውስጥ 3 ጊዜ ያልተነሣና 3 ጊዜ ያላረፈ አብራሪ እንደገና ሳይለማመድ መንገደኛ አይጭንም፤ ስለዚህ ተመላሹን ማሠልጠን የአሠሪው ዕዳ ነው።

ዘማቹም አስቀድሞ ማስታወቅ አለበት፤ ሕጉ ግን ይህን ያህል ቀን ቀድሞ ብሎ አልወሰነም። ቀኑን እያወቀ እስከ ዋዜማው ዝም ያለ አብራሪ በዚህ አይከሰስ ይሆናል፤ በእርሱ ፈንታ ከበዓል ማዕዱ ተነሥቶ የሚጠራው ግን ባልንጀራው ነው።