«ዘ» የጎደለችበት ዓረፍተ ነገር

በእንግሊዝኛ ከሁሉም አብዝታ የምትመላለሰው ቃል «ዘ» ናት። ሦስት ፊደል ብቻ ያላት፣ ለብቻዋ ስትቆም ምንም የማትሰይም ቃል። ትምህርት ቤት ውስጥ «አርቲክል» ተብላ ትመጣለች፤ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» በሚለው ጥያቄ አንድ ማርክ ታስገኛለች ወይም ታስጥላለች፤ ፈተናው ሲያልፍ ትረሳለች። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ግን ስለ ፈተና አይደለም። ይህች ቃል ስላልገባችበት ብቻ ከሃምሳ ዓመት በላይ ክርክር ያልበረደለት አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ያ ዓረፍተ ነገር በጸደቀበት ጠረጴዛ ዙሪያ ኢትዮጵያም ተቀምጣ ነበር። ድምፅም ሰጥታበታለች።

ጋሪ እና ጋሪው

የምኖረው ሁሩታ ነው። ለማታውቋት፣ ከአዳማ በስተደቡብ አርሲ ውስጥ የምትገኝ፣ በስንዴ ማሳ የተከበበች ከተማ ናት፤ የሎዴ ሄጦሳ ወረዳ መቀመጫ። እዚህ ልጅ የሚያድገው ኦሮምኛና አማርኛ እየሰማ ነው። እንግሊዝኛን የሚያገኘው ደብተር ላይ ነው። ስለ «ዘ» ሲነሳ ደግሞ «ለኛ የምትከብደን በቋንቋችን ስለሌለች ነው» ሲባል ደጋግሜ እሰማለሁ።

እኔ በዚህ አልስማማም። አለች እንጂ! ከፊት ሳይሆን ከኋላ ስለምትመጣ ነው የማናስተውላት። «ጋሪ መጣ» ካልኳችሁ የትኛውም ጋሪ ሊሆን ይችላል። «ጋሪው መጣ» ካልኳችሁ ግን ስንጠብቀው የቆየነው፣ ወይም ቅድም ያወራንለት ጋሪ ነው። በመካከላቸው ያለችው «ው» ሥራዋ የ«ዘ» ሥራ ነው። የሰዋስው መምህራን እንዲህ ያለውን ስም «እሙር» ይሉታል፤ የታወቀ፣ የተለየ ማለት ነው። ኦሮምኛም የራሱ አለው፦ «ነመ» ሰው ሲሆን «ነሚቸ» ሰውየው ነው፤ «ኢንተለ» ልጃገረድ ስትሆን «ኢንተለቲ» ልጅቷ ናት። ኦሮምኛ ይህችን ቅጥያ እንደ እንግሊዝኛ በየዓረፍተ ነገሩ አያበዛትም፤ የተለየውን ለይቶ መጥራት ሲፈልግ ግን ያወጣታል።

እንግዲህ «ዘ» መቼ ትገባለች ለሚለው ጥያቄ ዋናው መልስ ይኸው ነው፦ ተናጋሪውም ሰሚውም «የትኛው?» የሚለውን ቀድመው ሲያውቁት፣ ወይም ተናጋሪው «ታውቀዋለህ» ብሎ ሲወስን ትገባለች። ሌላው ብዙውን ጊዜ ልማድ ነው። ከሁሩታ ዙሪያችንን ብናይ ወንዙ «ዘ አዋሽ» ይባላል፤ ተራራው ግን ያለ «ዘ» «ማውንት ጭላሎ»፣ ሐይቁም «ሌክ ዝዋይ» ነው፤ ሸለቆው ደግሞ «ዘ ሪፍት ቫሊ»። ለምን ወንዝ ይዟት ሐይቅ ተዋት ብትሉኝ፣ ልማድ ነው ከማለት ሌላ መልስ የለኝም። ይሸመደዳል።

የአገር ስም ላይ ሲደርስ ግን ልማዱ ፖለቲካ ይሆናል። ጋምቢያ በይፋ ስሟ ውስጥ «ዘ»ን ይዛለች። ጎረቤታችን ሱዳን በተባበሩት መንግሥታት ሰነዶች እስከዛሬ «ዘ ሱዳን» ናት። ዩክሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 ነፃ ከወጣች በኋላ በእንግሊዝኛ «ዘ» እንዳይጨመርባት አጥብቃ ጠይቃለች፤ ቃሏ አገሯን የሌላ አገር አንድ ክፍል የምታስመስል ሆና ስለተሰማቻት። ይህች ቃል ለሰዋስው መምህር ብቻ የምትተው እንዳልሆነች ከዚህ ይጀምራል።

ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም.

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1967 በተካሄደው የስድስት ቀን ጦርነት እስራኤል ሲናንና ጋዛን ከግብፅ፣ ዌስት ባንክንና ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከዮርዳኖስ፣ የጎላን ኮረብታዎችን ከሶሪያ እጅ ወሰደች። ከዚያ በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ወራት ፈጅቶ ሁሉም የሚቀበለው ጽሑፍ ሲፈልግ ቆየ። ምክር ቤቱ 15 አባላት ነበሩት። ኢትዮጵያ ቋሚ ካልሆኑት አባላት አንዷ ነበረች። በተባበሩት መንግሥታት የሚወክሏት ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ነበሩ፤ ኦክስፎርድ የተማሩ፣ የጠቅላይ ሚኒስትሩና የደራሲው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው ልጅ። እንግሊዝኛው የሚቸግራቸው ሰው አልነበሩም።

በጥቅምት መጨረሻ ላይ ሕንድ፣ ማሊና ናይጄሪያ አንድ ረቂቅ አቀረቡ። በእነሱ ረቂቅ የእስራኤል ጦር በግጭቱ ከያዛቸው ግዛቶች «ከሁሉም» እንዲወጣ ተጽፎ ነበር፤ ማለትም «ኦል»ም «ዘ»ም ነበሩበት። አልተሳካም። ከዚያ የብሪታንያው ሎርድ ካራደን ሌላ ረቂቅ ይዘው መጡ። በዚህኛው ላይ «ኦል» የለም። «ዘ»ም የለችም። የእስራኤል ጦር በቅርቡ ግጭት «ከተያዙ ግዛቶች» ይውጣ ይላል፤ ብቻ። የሶቪየት መሪዎች ቃሏ እንድትጨመር አሜሪካን ጠየቁ፤ አሜሪካ እምቢ አለች። ረቂቁ ባለበት እንዲቆይ ተደረገ።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1967 ድምፅ ተሰጠ። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. ነው፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። አሥራ አምስቱም አባላት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ደገፉት። ውሳኔ 242 የሚባለው ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ ነገሩ ከፀሐፊ እጅ ያመለጠ ስሕተት አልነበረም። ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ቃሏ እንደሌለች ያውቁ ነበር። የሕንድና የሶቪየት ተወካዮች እዚያው ስብሰባ ላይ «እኛ የምንረዳው ከሁሉም ግዛቶች መውጣት ማለት እንደሆነ ነው» የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉ። የእስራኤሉ አባ ኢባን ደግሞ አገራቸው የምትመራው በጽሑፉ እንጂ በሌሎች ማብራሪያ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሁሉም ድምፅ የሰጡት ለአንድ ጽሑፍ ነው፤ እያንዳንዱ ያነበበው ግን የራሱን ነው።

ሽማግሌዎች ቢሆኑስ?

ነገሩን ወደ ሰፈር እናምጣው። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። አንደኛው የሌላውን ሦስት ማሳ ይዟል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ከያዝካቸው ማሳዎች ሁሉ ውጣ» ካሉት ያለቀ ነገር ነው። «ከያዝከው መሬት ውጣ» ብለው ቢተዉትና ሰውየው አንዱን ማሳ ለቆ «ይኸው ወጣሁ» ቢልስ? ተበዳዩ «ሦስቱንም ማለታቸው ነው» ይላል፤ ያኛው «የትኛው ብለው መቼ ለዩ?» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይህ እንደሚመጣ አልጠፋቸውም ይሆናል። ግን ያንን ቃል ቢያስገቡት ኖሮ አንደኛው ወገን ጋቢውን አንሥቶ ይሄድ ነበር። ዕርቁ የቆመው ባልተባለው ነገር ላይ ነው።

የ242 ክርክርም ከዚያ ጀምሮ ይኸው ነው። አንደኛው ወገን «ዘ የለችም፤ ስለዚህ ከሁሉም ውጡ አልተባለም» ይላል። እስራኤል ከግብፅ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 ታርቃ በ1982 ከሲና ስትወጣ ይህ ክርክር ጉልበት አገኘ፤ ሲና ብቻዋን 60,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ዌስት ባንክ፣ ጎላንና ጋዛ ተደምረው ግን 8,000 እንኳ አይሞሉም። «ከተያዘው አብዛኛውን ለቀናል» ለማለት ተመቸ። ሌላው ወገን ደግሞ በዚያው ውሳኔ መግቢያ ላይ ግዛትን በጦርነት መያዝ ተቀባይነት እንደሌለው የተጻፈውን ይጠቅሳል። የፈረንሳይኛውን ቅጂም ያመጣል፤ ፈረንሳይኛው «ዴ ቴሪቷር» ነው የሚለው፣ ይህም «ከግዛቶቹ» ተብሎ ይነበባል። በምክር ቤቱ የሥራ ቋንቋ የነበሩት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንደዚህ ተለያዩ ማለት ነው።

እኔ ቋንቋውን ብቻ ይዤ ስመለከተው፣ ሁለቱም ወገኖች ከቃሏ ያልሰጠችውን ይጠይቃሉ ብዬ አስባለሁ። «ዘ» አለመኖሯ «ከጥቂቶቹ» ማለት አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ «ስልክ ይዘው የተገኙ ተማሪዎች ወደ ቤት ይላካሉ» ተብሎ ቢለጠፍ፣ «የተገኙት አልተባለም፣ ስለዚህ እኔን አይመለከትም» የሚል ተማሪ ዘበኛውን አያልፍም። የተገኘ ሁሉ ይላካል። እንደዚያም ሆኖ ጽሑፉ በግልጽ «ከሁሉም» አላለም፤ እንዲል ተጠይቆም እምቢ ተብሏል። ሰዋስው በሩን ክፍት ትቶታል። ክፍት በር ደግሞ ጉልበት ላለው ይመቻል።

ያቺ «ት»

እስቲ አማርኛችንን እንፈትነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ሁለት መንገድ አላችሁ፦ «ከተያዙ ግዛቶች» ወይም «ከተያዙት ግዛቶች»። ልዩነቱ አንዲት «ት» ናት። በአማርኛ እሙር ምልክቷ ከስሙ ተነሥታ ወደ ቅጽሉ ትሄዳለች፤ «ትልቅ ቤት» «ትልቁ ቤት» እንደሚሆነው ማለት ነው። ስለዚህ ኒው ዮርክ ላይ ሳምንታት የፈጀው ድርድር በአማርኛ ቢካሄድ ኖሮ የሚያከራክረው ይህች ፊደል ነበረች። ብዙ ተርጓሚ ሳያስበው «ከተያዙት» ብሎ ይጽፋል፤ ለጆሮ ይጥማላ። ሳያውቀው ግን አንዱን ወገን ይዟል።

አማርኛ የራሱ ወጥመድም አለው። «ቤቱ ፈረሰ» ስንል ያወቅነው ቤት ነው ወይስ የእሱ ቤት? ሁለቱም ይሆናል፤ ቅጥያዋ አንድ ናት። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ «ዘ» እና «ሂዝ» ብሎ ይለያል። የትኛውም ቋንቋ ሁሉንም ነገር አይለይም፤ እያንዳንዱ የሚያድበሰብስበት የራሱ ቦታ አለው። ሕግና ውል የሚጻፈው ያንን ቦታ በሚያውቁ ሰዎች ነው።

እኛ ደግሞ ይህን ከሌላው ቀድመን የተማርን ሕዝብ ነን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ነበር የሚለው፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። በዚያ አንድ ግሥ ሰበብ ኢጣሊያ ኢትዮጵያን «በጥበቃዬ ሥር ናት» ብላ ለዓለም አወጀች፤ መጨረሻው በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሆነ። ከ242 ጋር ግን ልዩነት አለው። ውጫሌ ላይ ሁለት ቋንቋዎች ሁለት ነገር ተናገሩ፤ ኒው ዮርክ ላይ አንዱ ቋንቋ ራሱ፣ ሁሉም እያየው፣ ሳይናገር ቀረ። የመጀመሪያው ማታለል ነው። ሁለተኛው ሁሉም ፈቅዶ የፈረመው ዝምታ ነው።

ልጅ እንዳልካቸው እ.ኤ.አ. በ1971 ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊነት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ያለ ፍርድ ረሸናቸው፤ ያ ድምፅ ከተሰጠ በኛ አቆጣጠር ሰባት ዓመት ከሁለት ቀን በኋላ። ውሳኔው ግን ከእሳቸውም፣ እሳቸው ካገለገሉት ዘውድም፣ ከገደላቸው ደርግም ዕድሜ በልጦ እስከዛሬ ይጠቀሳል። ዌስት ባንክ ውስጥ የወይራ ዛፉ ከአጥር ማዶ የቀረበት ገበሬ «ዘ»ን ተምሮ ላያውቅ ይችላል፤ የምትጎድለው ግን ከእሱ መሬት ላይ ነው።

የሁሩታ ተማሪ ምን አገባው ለምትሉኝ፦ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው። ነገ የሚፈርመው የብድር፣ የሥራ ወይም የመሬት ኪራይ ውል በሁለት ቋንቋ ሊመጣለት ይችላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 106 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ስለዚህ እዚህ አገር ያቺ «ት» ሕግ ናት። ግለሰብ የሚፈርመው ውል ላይ ግን የትኛው ቅጂ እንደሚገዛ የሚወስነው ራሱ ውሉ ነው።

ለዚህ ነው «ዘ»ን እንደ ፈተና ብቻ ማስጠናት የሚያሳዝነኝ። ልጁን «ወንዝ ላይ ትገባለች፣ ሐይቅ ላይ አትገባም» ብለን እናስሸመድደዋለን። ያንን ይወቅ፤ ማርኩን ያግኝ። ከዚያ በላይ ግን አንድ ወረቀት ሲሰጠው «የትኛው? ሁሉም ነው? ማን ለየው?» ብሎ መጠየቅን ይማር፤ ከመፈረሙ በፊት።